ከወይራ የቀረጽኩትን በነሐስ ለማፍሰስ

የባሶና ልጅ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ከወይራ አንዲት የመንዝ ሴት ቀርጫለሁ። ቁጭ ብላ ሱፍ ትፈትላለች፤ ቁመቷ አንድ ክንድ አይሞላም። እሷኑ በነሐስ ማፍሰስ አማረኝ። መጀመሪያ በሰም ልሠራት፣ በጭቃ ሸፍኜ ሰሙን አቅልጬ ላወጣውና በቦታው ነሐስ ላፈስበት አስቤ፣ ጠጅ ከምትጥል ጎረቤቴ ሰፈፍ ወስጄ አንጥሬ ሰም አወጣሁ። ግን በእኛ ብርድ ጠዋት ጠዋት እንደ ብስኩት ይሰበራል። ቀጭኑ እንዝርት ደግሞ ጭንቅ ሆኖብኛል። እንጨቷን እንዳለች ጭቃ ውስጥ ቀብሬ ባቃጥላትስ? አናቷ ላይም ስንጥቅ ጀምሯታል።

አንኮበሬው፦
ወንድሜ፣ እባክህ አታቃጥላት። እንጨት ቀልጦ አይወጣም፤ ከሰልና አመድ ትቶ ይቀራል፣ ነሐሱን ያበላሽብሃል። ወይራዋን ሳሙና ቀብተህ በጀሶ ለሁለት የሚከፈል ቅርጽ አውጣባት። ጀሶውን ውኃ አጥግበው፣ የቀለጠ ሰም ጨምርበት፣ አዟዙረህ ትርፉን መልሰህ ድፋው። ውስጧ ክፍት የሆነ የሰም ሴት ታገኛለህ። ድፍን ከሆነች ትከብዳለች፤ ወፍራም ወፍራሙ ቦታም ሲቀዘቅዝ ይሰረጎዳል።

የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ነው። እሳት ላይ በቀጥታ አትጣደው፤ በጣሳ አድርገህ የፈላ ውኃ ውስጥ አስቀምጠው። ትንሽ ሞራ ጨምርበት፣ መሰበሩን ይተዋል።

እንዝርቱን በሰም አትሥራው። እንዲያ ቀጭን ቦታ ላይ ነሐሱ ሳይደርስ ይረጋል። ጣቶቿ መሐል ቀዳዳ ተውና በኋላ የመዳብ ሽቦ አስገባ። እኔ ብሆን ከዚያው ከወይራው ሠርቼ እሰካው ነበር። ነሐስ እጅ ላይ የእንጨት እንዝርት እንዴት እንደሚያምር!

ጭቃው ላይ አትቸኩል፣ ዋናው ሥራ እሱ ነው። የመጀመሪያውን ድርብ በወንፊት ከተነፋ ሸክላ አፈርና ከከሰል ዱቄት አቅጥነህ በብሩሽ ቀባው። ሰሙ ላይ የቀረ የጣት አሻራ እንኳ ነሐሱ ላይ ይወጣል። ከላዩ ጭቃ ከፈረስ ፋንድያ ጋር አቡክተህ ደርብበት። ውስጧንም በጭቃ ሙላና ከውጭው ጋር በሚስማር አያይዘው፣ ሰሙ ሲወጣ ከቦታው እንዳይንሸራተት። የነሐሱን መግቢያና የአየሩን መውጫ ከሰም ሠርተህ መለጠፍህንም አትርሳ። ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ የታኅሣሥ ነፋስ ካገኘው ይሰነጠቃል።

ጭቃ ከመቀባትህ በፊት ሰሙን መዝነው። መግቢያ መውጫውን ጨምሮ 100 ግራም ከሆነ 900 ግራም ገደማ ነሐስ ይፈልጋል።

የጣርማበሯ፦
ስለ ስንጥቁ ልበል። የግንዱን እምብርት ይዞ የተቀረጸ እንጨት መሰንጠቁ አይቀርም። ለሚቀጥለው ግንዱን ፍለጥና ከእምብርቱ ወዲህ ያለውን ውሰድ፤ ጫፍ ጫፉን በዚያው ሰምህ ድፈነው። አየር ላይ ሲደርቅ ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይወስዳል። ከፈረሰ ቤት የወጣ ወይራ ካገኘህ ግን ተገላገልክ፣ ደርቆ የኖረ ነው።

የባሶና ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጋሼ፣ አያቴ ቤት የቆየ የጥይት ቀለህ አለ። ለነሐሱ ይሆናል?

አንኮበሬው፦
ይሆናል፣ ግን አንድ በአንድ እየው። ያልተተኮሰ አንድ ከገባበት ሰው ይጎዳል። ካመነታህ አሮጌ የቧንቧ መክፈቻ ይሻላል። ቀለህ አብዛኛውን ጊዜ 70 እጅ መዳብ፣ 30 እጅ ዚንክ ነው። ዚንኩ በ907 ዲግሪ ስለሚተን ነጭ ጭስ ታያለህ፤ እሱን የሳበ ሰው ማታውን በብርድ ብርድና በትኩሳት ያድራል። ደጅ ላይ አቅልጥ፣ ነፋሱ ከጀርባህ ይምጣ። ቅርጹ ሰሙ ጨርሶ ወጥቶ፣ እሳት ውስጥ እስኪቀላ ቆይቶ፣ ገና ትኩስ እንዳለ አፍስስበት። እርጥበት ካለው ነሐሱ ፈንድቶ ፊትህ ላይ ይረጫል። ናይለን አትልበስ። ብቻህንም አትሥራ፤ አንዱ ማቅለጫውን ሲይዝ ሌላው ከላይ የሚንሳፈፈውን ቆሻሻ ይግፈፍ።