አስቸኳይ! 2 − (−3) ላይ ክፍሉ ቀጥ ብሎብኛል፣ ነገ ጠዋት ምን ይዤ ልግባ?

ጠመኔ ያለቀባት፦
ሰላም ቤቶች፣ በናታችሁ ቶሎ የሚመልስልኝ ካለ። ዛሬ ኔጋቲቭ ቁጥር በቆርኪ እያስተማርኩ ነበር። ፊቱ ወደ ላይ ከሆነ +1፣ ከተገለበጠ −1። መደመሩ እንዴት ቆንጆ ሄደ መሰላችሁ። −5 + 3 ብዬ ሦስቱ ከሦስቱ ተጣፍተው ሁለት የተገለበጡ ሲቀሩ ልጆቹ ራሳቸው "−2!" ብለው ጮኹ። −5 − (−2)ም አለፈ፣ ካሉት አምስት ውስጥ ሁለቱን ማንሳት ስለሆነ። ከዚያ 2 − (−3) ስል ሁሉም ነገር ቆመ። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሁለት ፖዘቲቮች ብቻ ናቸው። "ሦስት ኔጋቲቭ አንሱ" ስላቸው "ከየት?" አሉኝ። አንዱ ሁለቱንም ገለበጠና "−2 ነው" አለ፣ ሌላዋ "አይቻልም" ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈች፣ ደወል ተደወለ። ነገ የምንጀምረው ከዚሁ ነው። "ዝም ብላችሁ ወደ ፕላስ ቀይሩት" ማለት አልፈልግም። በእጃቸው ነክተው እንዲያዩት ነው የምፈልገው። ምን ላድርግ?

መስመር ላይ፦
ቆርኪውን ተዪው። መሬቱ ላይ በጠመኔ ከ−10 እስከ 10 የቁጥር መስመር አስምሪና ልጅ አቁሚበት። ሕጉ ሁለት ነው። መደመር ከሆነ ፊቱን ወደ ትላልቆቹ ቁጥሮች ያዞራል፣ መቀነስ ከሆነ ወደ ትናንሾቹ። ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ፖዘቲቭ ከሆነ ወደፊት ይራመዳል፣ ኔጋቲቭ ከሆነ ፊቱን ሳያዞር በጀርባው ይሄዳል። እንግዲህ 2 − (−3)፦ 2 ላይ ቆመ፣ መቀነስ ስለሆነ ወደ ትናንሾቹ ዞረ፣ −3 ስለሆነ በጀርባው ሦስት እርምጃ ሄደ። የት ደረሰ? 5። አለቀ።

የኋላ ወንበር፦
የቆርኪ ክፍል ጎን ያስተማረ ሰው ብቻ ነው ስቃዩን የሚያውቀው። ሁሉም ተማሪ በአንድ ጊዜ ቆርኪ ሲያራግፍ ጣሪያው የወረደ ነው የሚመስለው። ሌላው ሌላው ይቆየንና ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አስነጥፊ፣ የጎረቤትሽን አስተማሪ አታሳብጂ።

ጋሽ ኮምፓስ፦
ልጄ፣ አትደናገጪ። ተማሪሽ "አይቻልም" ብላ መጻፏ አያሳፍራትም፣ ብዙ ሊቅ እንደሷ ብሏል። ቻይናዎች በጥንት ዘመን ሒሳብ የሚሠሩት በትናንሽ ዘንጎች ነበር። ቀዩ ዘንግ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ኔጋቲቭ። የሒሳብ ሊቃቸው ሊዩ ሁዊ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህንን ጽፎት እናገኘዋለን፣ ስለዚህ የቆርኪሽ ነገር ዕድሜ ጠገብ ነው። ሕንዳዊው ብራህማጉፕታ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ628 ፖዘቲቩን ሀብት፣ ኔጋቲቩን ዕዳ ብሎ ሕጉን አስቀመጠ። ከዜሮ ላይ ዕዳ ሲቀነስ ሀብት ይሆናል ማለቱ ነው እንግዲህ የአንቺ ጥያቄ። አውሮፓ ውስጥ ግን ከዚያ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ1758፣ ፍራንሲስ ማሴሬስ የተባለ እንግሊዛዊ ኔጋቲቭ ቁጥር አልጀብራን ያደናግራል እያለ ይከራከር ነበር። ያንቺ ተማሪዎች ገና አንድ ቀናቸው ነው። ወደ ጥያቄሽ ስመለስ፣ በዕዳ አስተምሪያቸው።

ጠመኔ ያለቀባት፦
ጋሼ እናመሰግናለን፣ ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። ግን ዕዳን እንዴት አድርጌ ነው እጃቸው ላይ የማስቀምጠው? መስመር ላይ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ችግሩ ወንበሮቹ መሬት ላይ የተቸነከሩ ናቸው። መተላለፊያው አንድ ሰው በጎኑ ነው የሚያሳልፈው። አንድ ልጅ ሲራመድ ሌላው ቆሞ ይመለከታል ማለት ነው።

መስመር ላይ፦
ይሄንን ከመጀመሪያው አትናገሪም ነበር? እሺ፣ መስመሩን ደብተራቸው ላይ ያስምሩ። የእስክሪብቶ ክዳን ላይ አይን ይሳሉበትና እሱ ይራመድላቸው። ሕጉ ያው ነው፦ መደመር ወደ ትላልቆቹ ዙር፣ መቀነስ ወደ ትናንሾቹ ዙር፣ ፖዘቲቭ ወደፊት፣ ኔጋቲቭ በጀርባ።

ደረቁ እውነት፦
እኔ የምለው፣ ይሄ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? የሰባተኛ ክፍል ልጅ ቆርኪ ሲቆጥር መዋል የለበትም። ሁለት ማይነስ ሲገናኝ ፕላስ ይሆናል፣ በቃ። አንድ መስመር ነው። መልመጃ አብዢላቸው፣ እጃቸው ይለምደዋል። በእጅ የማይጨበጥን ነገር በግድ በእጅ ካልያዝን ማለት ልጁን ማዘግየት ነው።

ሚሚ ጂኦሜትሪ፦
ደረቁ፣ ያቺን "ሁለት ማይነስ ሲገናኝ" የሸመደዱ ልጆች እኔ ጋ ስምንተኛ ክፍል ይመጣሉ፣ ታውቃለህ? −3 − 5 ስንት ነው ስላቸው "8" ይሉኛል። ለምን? "ሁለት ማይነስ አለ ቲቸር።" −2 + (−4) ደግሞ 6 ይሆንላቸዋል። ሕጉ ጠፍቷቸው አይደለም፣ ሕጉን ብቻ ይዘው የት እንደሚሠራ ስለማያውቁ ነው።

ደረቁ እውነት፦
ያ የሕጉ ጥፋት አይደለም፣ "ጎን ለጎን የተቀመጡ ምልክቶች" ብሎ በደንብ አለማስተማር ነው።

የኋላ ወንበር፦
እናንተ ስትጣሉ እኔ ጠረጴዛዋን አየሁት። ቲቸር፣ ችግርሽ ንጽሕና ነው፣ ጠረጴዛሽ በጣም ንጹሕ ነው። ሁለት ቆርኪ ብቻ ካስቀመጥሽ በኋላ ሦስት ኔጋቲቭ አምጡ ስትያቸው ልጆቹ ከኪሳቸው ያውጡ? አዝረክርኪው። ሥራው ሳይጀመር እያንዳንዱ ቡድን ፊት ስድስት ፖዘቲቭና ስድስት ኔጋቲቭ ይኑር። "ይሄ ስንት ነው?" በያቸው። ሁሉም ተጣፍቶ ዜሮ ነው ይላሉ፣ መጣፋቱን ዛሬ አሳይተሻቸዋል። አሁን ሁለት ፖዘቲቭ ጨምሩ በይ። ስምንት ፖዘቲቭ፣ ስድስት ኔጋቲቭ፣ ዋጋው 2። "በሉ ሦስት ኔጋቲቭ አንሱ።" ከየት የሚል የለም፣ ፊታቸው ነው ያለው። የቀረው ስምንት ፖዘቲቭና ሦስት ኔጋቲቭ ነው። ተጣፍቶ 5። ወላጅ መጥቶ "ምን ዓይነት ዝርክርክ ክፍል ነው" ካለ ይህ ሁሉ ዜሮ ነው በዪው።

መስመር ላይ፦
በቁጥር መስመር ቢሆን ይሄ ሁሉ ቆርኪ አያስፈልግም ነበር።

ጠመኔ ያለቀባት፦
የኋላ ወንበር ቆይ ቆይ ቆይ። ማለት ዜሮውን አስቀድሜ ነው የማስቀምጠው? እነሱ "ያልተሰጠን ቁጥር ከየት መጣ" አይሉኝም?

የኋላ ወንበር፦
ይበሉ እንጂ። አንድ ፖዘቲቭና አንድ ኔጋቲቭ አብረው ስትጨምሪ የጠረጴዛው ዋጋ ተለወጠ ወይ ብለሽ ራሳቸውን አስጠይቂያቸው። ደጋግመው ይጨምሩ፣ በየጊዜው ዋጋውን ይጻፉ፣ ያው 2፣ ያው 2፣ ያው 2። ሲሰለቻቸው ገብቷቸዋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዝርክርኩን ትተሽ ወደ ንጹሕ ጠረጴዛ ትመለሺያለሽ። ሁለት ፖዘቲቭ አለ፣ ሦስት ኔጋቲቭ ያስፈልገኛል፣ ስለዚህ ሦስት የዜሮ ጥንድ አስገባለሁ፣ ኔጋቲቮቹን አነሳለሁ። እጃቸው ላይ ምን ቀረ? የድሮው ሁለት እና አብረው የገቡት ሦስት ፖዘቲቮች። መቀነሱ ወደ መደመር የተቀየረው እዚያ ጋ ነው፣ ይሄንን ግን አንቺ አትናገሪ፣ እነሱ ይድረሱበት።

ሚሚ ጂኦሜትሪ፦
ይሄ ትክክል ነው፣ ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ቆርኪ መገልበጥን ከልክዪ። ከ+1 ወደ −1 ሲገለበጥ ጠቅላላው ዋጋ በ2 ነው የሚወርደው፣ በ1 አይደለም። ያ ሁለቱንም ገልብጦ −2 ያለው ልጅሽ እኮ ከ2 ላይ ሳያውቀው 4 ቀነሰ። ሁለት ገጽ ያለው ነገር ለመደመር ይመቻል፣ ለመቀነስ ጊዜ ግን ልጁን ያሳስተዋል። ከቻልሽ ዛሬ ማታ ከአሮጌ ካርቶን ትናንሽ ካሬዎች ቁረጪና ግማሹን በሁለቱም በኩል ቀይ ቀቢው፣ ቀዩ ኔጋቲቭ ይሁን። ሲገለበጥም ያው ቀይ ነው፣ ድምፅም የለውም።

እግረ መንገዴን፣ ካርቶን ከቆረጥሽ አይቀር ክብም ቁረጪ። የክብ ስፋት ላይ ስትደርሺ ክቡን ከመሃሉ ተነስተው እንደ ኬክ አስራ ስድስት ጠባብ ቁራጭ አድርገው ይቁረጡትና አንዱን ሽቅብ አንዱን ቁልቁል አድርገው ጎን ለጎን ይደርድሩት። አራት ማዕዘን ወደመሰለ ነገር ይጠጋል። ቁመቱ ሬዲየሱ ነው፣ ርዝመቱ የዙሪያው ግማሽ፣ ማለትም ፓይ ሲባዛ ሬዲየስ። ሁለቱን ሲያባዙ ቀመሩን ራሳቸው ጻፉት ማለት ነው። እኔ ከዚህ የሚበልጥ ክፍለ ጊዜ አላውቅም።

የኋላ ወንበር፦
ሚሚ በማንኛውም ጥያቄ ውስጥ ክብ ታገኛለች።

ሚሚ ጂኦሜትሪ፦
አዎ፣ አንተ ደግሞ ቆሻሻ።

ጋሽ ኮምፓስ፦
ልጄ፣ ዕዳውን እንዴት እጃቸው ላይ ላስቀምጥ ብለሽኝ ነበር። ቀላል ነው። ሁለት ዓይነት ካርድ ሥሪ፣ አንዱ "አለኝ"፣ ሌላው "አለብኝ" የሚል። ለአንድ ተማሪ አምስት "አለኝ" እና ሦስት "አለብኝ" ስጪው። ስንት ነው ያለህ በይው፣ 2 ይላል። አሁን አበዳሪ ሆነሽ ነዪና "ይቅር ብዬሃለሁ" ብለሽ ሦስቱን "አለብኝ" ውሰጂበት። ስንት አለህ? 5። ተማሪው ካርድ ተወስዶበት ሀብታም ሆነ። ያን ጊዜ ፊቱን እይው፣ ብራህማጉፕታን አንስተሽ ባትነግሪውም ይገባዋል።

ደረቁ እውነት፦
ይሄኛው ጥሩ ነው፣ እቀበላለሁ። ሆኖም ጥያቄ አለኝ፣ ለሁላችሁም። ማባዛት ስትደርሱ ምን ልታደርጉ ነው? −2 × (−3)ን በካርድ አሳዩኝ። ዕዳ በዕዳ ሲባዛ ምን ማለት ነው?

ጠመኔ ያለቀባት፦
ወይኔ፣ እሱ ሳምንት ነው። አታስፈራራኝ።

የኋላ ወንበር፦
ዕዳ በዕዳ ሲባዛማ ፍርድ ቤት ነው። ለሒሳቡ ግን ዝርክርክ ጠረጴዛው ይበቃል። 2 × (−3) ማለት ሦስት ሦስት ኔጋቲቭ ሁለት ጊዜ ማስገባት ነው፣ −6። −2 × (−3) ደግሞ ሁለት ጊዜ ማውጣት። ዜሮ ከሆነው ጠረጴዛ፣ ስድስት በስድስት ካለው፣ ሦስት ኔጋቲቭ አውጣ፣ እንደገና ሦስት አውጣ። ምን ቀረ? ስድስት ፖዘቲቭ።

ደረቁ እውነት፦
እሺ፣ ለድፍን ቁጥር ይሁን። ግማሽ ጊዜ ማውጣት ሲመጣ ካርቶኑ አለቀለት። እኔ የምመርጠው የቁጥሮቹን አካሄድ ማሳየት ነው። 2 − 2 = 0፣ 2 − 1 = 1፣ 2 − 0 = 2። የሚቀነሰው በአንድ ባነሰ ቁጥር መልሱ በአንድ ይጨምራል። ቀጥሉ በላቸው፦ 2 − (−1) = 3፣ 2 − (−2) = 4፣ 2 − (−3) = 5። ለማባዛትም ያው፦ 2 × (−3) = −6፣ 1 × (−3) = −3፣ 0 × (−3) = 0፣ ቀጥሎ −1 × (−3) ስንት መሆን አለበት? በየደረጃው 3 እየጨመረ ነው። ጠመኔ ብቻ ይበቃል።

ሚሚ ጂኦሜትሪ፦
የጠያቂዋን ስም አይተሃል? ጠመኔ አልቆባታል።

ቀልዱን ትተን፣ ይሄ ከካርቶኑ ጋር አይጣላም። አንዱ ምን እንደተፈጠረ ያሳያል፣ ሌላው ሌላ መልስ ሊሆን እንደማይችል ያሳያል። መጀመሪያ እጅ፣ ቀጥሎ ዝርዝሩን ሰሌዳ ላይ። እና ተማሪዎቹ ያነሱትን በምልክት ጎን ለጎን ይጻፉት፣ አለበለዚያ ቆርኪው ጨዋታ ሆኖ ይቀርና ፈተና ላይ ሁለቱ አይገናኙላቸውም። ይሄንን ብዙ አስተማሪ ይረሳዋል።

ጠመኔ ያለቀባት፦
ካርቶን እየቆረጥኩ ነው። እህቴም መቀስ ይዛ ተቀምጣለች፣ እያጉረመረመች። በዜሮ ጥንዱ እጀምርና ለማጠቃለያ የጋሼን ካርድ አንድ ልጅ አስወጥቼ አሳያለሁ። ነገ ማታ እነግራችኋለሁ። አመሰግናለሁ ሁላችሁንም፣ ደረቁንም ጭምር።

መስመር ላይ፦
የእስክሪብቶ ክዳኑንም ሞክሪው።

ሲግማ፦
ቲቸር፣ እንዴት ሆነ?

ሲግማ፦
አልመጣችም እንዴ? እኔም ከዚህ ጋር የተያያዘ ጥያቄ ነበረኝ። ይሄንን ዕቃ ለእኩልታ ማን ተጠቅሞበታል? 2x + 3 = 11 ዓይነት።

ሚሚ ጂኦሜትሪ፦
በx ቦታ ኩባያ ይሁን። ወረቀት መሃል ላይ መስመር ይሰመርና በአንዱ በኩል ሁለት የተደፉ ኩባያዎችና ሦስት ካሬ፣ በሌላው በኩል አሥራ አንድ ካሬ። በሁለቱ ኩባያዎች ሥር እኩል ነው የተደበቀው። ከሁለቱም ወገን ሦስት ሦስት አንሱ፣ የቀረውን ስምንት ለሁለቱ ኩባያ አካፍሉ፣ 4። ከዚያ ኩባያውን ከፍተው ያረጋግጡ፣ አስቀድመህ አራት አራት ደብቀህ ከሆነ ማለቴ ነው። 2x − 3 = 5 ሲመጣ ቀዮቹን ካሬዎች አውጣ፦ በሁለቱም ወገን ሦስት ፖዘቲቭ ጨምሩ፣ በግራ በኩል ያሉት ሦስት ቀዮች ይጣፋሉ፣ በቀኝ በኩል ስምንት ይሆናል።

ሲግማ፦
ኩባያው የማያሳይ መሆን አለበት?

የኋላ ወንበር፦
የሚያሳይ ከሆነማ ምኑን x ሆነ?

አዲስ ገቢ፦
ሁሉንም አላነበብኩትም፣ ግን መሬት ላይ የቁጥር መስመር አስምራ ልጆቹን ብታራምዳቸውስ?