ዊንዶውሱ ከታደሰ በኋላ ፎቶዎቼ አይታዩም፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማብቃቱን ዘግይቼ ስለሰማሁ፣ ላፕቶፔ ወደ ዊንዶውስ 11 እንዲሻገር ባለፈው እሑድ ማታ ፈቀድሁለት። አውርዶ ጨርሶ መጫን ከጀመረ በኋላ ግን መብራት ጠፋ፤ ባትሪውም ያረጀ በመሆኑ ብዙ ሳይቆይ ላፕቶፑ አብሮ ጠፋ። በማግሥቱ መብራት ሲመጣ ከፈትሁት፤ ለረጅም ጊዜ ሲዞር ቆይቶ ተከፈተ። ነገር ግን ዴስክቶፑ ባዶ ነው፤ ከጀርባው አድርጌው የነበረው የሐይቅ እስጢፋኖስ ፎቶ ዊንዶውስ ይዞት በሚመጣው ሥዕል ተተክቷል፤ ፒክቸርስ የተባለውን ፎልደር ስከፍተውም አንድ ፎቶ እንኳ የለበትም።

የጠፉት ወደ 2,700 ፎቶዎች ይሆናሉ። አባቴ በወጣትነቱ ኮምቦልቻ ሲሠራ የተነሣቸውና ከዘመድ አልበም እየተዋስሁ ስካን ያደረግኋቸው፣ እናቴን ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም በወጣች ቁጥር ያነሣኋቸው፣ የታናሽ እኅቴም የሰርግ ፎቶዎች በዚያ ነበሩ። አባቴ ዐርፏል። አልበሞቹንም ለየባለቤቶቻቸው መልሻለሁ፤ ከእነዚያ ቤቶች ግማሹ ዛሬ በቦታው የለም።

ላፕቶፑን ወደ አንድ ጥገና ቤት ወስጄው ነበር። ሠራተኛው «ፎርማት ላድርገውና ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም እጭንበታለሁ፤ የመጣው ይመጣል» ስላለኝ ፈርቼ ይዤው ተመለስሁ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፦ ሲ ዲስኩ ከ237 ጊጋባይት ውስጥ ነፃ ሆኖ የሚያሳየው 21 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ከአፕዴቱ በፊትም ከ50 አይበልጥም ነበር። ፎቶዎቹ ከጠፉ ቦታው ለምን ሰፋ ሊል አልቻለም? የምታውቁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ጠጋኝ፣ ከኮምቦልቻ

እኅት ዓለም፣ አብሽሩ። ላፕቶፑን ሳያስነኩ ይዘው መመለስዎ ከማንኛችንም ምክር የሚበልጥ ሥራ ነው፤ ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ቢጫንበት ኖሮ ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ባልኖረ ነበር።

የነፃ ቦታው ነገር እንዳልገባዎት ጽፈዋል፤ እኔን ያጽናናኝ ግን እሱ ነው። ፎቶዎቹ በእርግጥ ተሰርዘው ቢሆን ዲስኩ ይቀልላል እንጂ አይከብድም። በእርስዎ ላይ የሆነው ከሁለት አንዱ ይመስለኛል። አንደኛው፣ ማሻገሩ በመሐል ስለተቋረጠ ዊንዶውስ የእርስዎን መለያ መክፈት አቅቶት በጊዜያዊ መለያ አስገብቶዎታል፤ ዴስክቶፑ ባዶ፣ ሥዕሉም የፋብሪካ የሆነው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ ፎቶዎቹ ወደ አዲሱ ሥርዓት ሳይሻገሩ፣ የቀድሞው ዊንዶውስ በሚቀመጥበት ዊንዶውስ ዶት ኦልድ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ቀርተዋል። በሁለቱም ቢሆን ፎቶዎቹ ዲስኩ ላይ አሉ፤ እርስዎ የቆሙት ሌላ ክፍል ውስጥ ነው።

ለማረጋገጥ ሲ ዲስክን ይክፈቱና ዩዘርስ ወደተባለው ፎልደር ይግቡ። በዚያ ቴምፕ የሚል ፎልደር ካገኙ ጊዜያዊ መለያ ውስጥ ነዎት ማለት ነው፤ ከጎኑ በስምዎ የተጠራ፣ ምናልባትም በስምዎ መጨረሻ ነጥብና ሦስት ዜሮ ወይም ባክ የሚል ቅጥያ ያለው ሌላ ፎልደር ሊኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 2020 ከወጣ አንድ የዊንዶውስ 10 አፕዴት በኋላ ብዙ ሰዎች እንዲሁ ሁሉ ነገር ጠፋብን ብለው ፋይላቸው የተገኘው ስሙ በተቀየረ ፎልደር ውስጥ ነበር። ፎልደሩን ሲከፍቱ ፈቃድ የለዎትም የሚል መልእክት ቢመጣ አይደንግጡ፤ ቀጥል የሚለውን ይጫኑና ጥቂት ይታገሡ።

አሁን ዋናውን ላስጠንቅቅዎ። በጊዜያዊ መለያ ውስጥ ሆነው ዴስክቶፑ ላይ ወይም ዶክመንትስ ውስጥ የሚያስቀምጡት ሁሉ ላፕቶፑን ሲዘጉ ይጠፋል። ስለዚህ ፎቶዎቹን ካገኙ በደስታ ወደ ዴስክቶፑ ጎትተው እንዳያወጡ፤ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይሰኩና ወደዚያ ኮፒ ያድርጉ። ከት አያድርጉ፤ ኮፒ ብቻ። እስከዚያው ፊልም አያውርዱ፣ ፕሮግራም አይጫኑ፣ ቦታ ያስለቅቃል በሚል ዲስክ ክሊንአፕ የሚባለውንም አያስነሡ፤ ቀደም ያለውን ዊንዶውስ አጥፋ የሚል ምርጫ ስላለው በአንድ ጠቅታ ዊንዶውስ ዶት ኦልድን ሙልጭ አድርጎ ይወስደዋል። ሳይነካም ቢቀር ዊንዶውስ ራሱ ከ10 ቀን በኋላ ያጠፋዋል፤ ከእሑድ ጀምረው ይቁጠሩ።

ኮፒው ካለቀ በኋላ ላፕቶፑን ሁለት ሦስት ጊዜ ሪስታርት ያድርጉት፤ መለያው በዚሁ ብቻ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ካልተመለሰ ሬጂስትሪ የሚባለው የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ ውስጥ ገብቶ ማስተካከል ይቻላል፤ እሱን ግን ፎቶዎቹ በእጅዎ ከገቡ በኋላ እንነጋገርበት።

መዝገብ ቤት፣ ከወልድያ

ከላይ የተሰጠው ምክር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን «ፎቶዎቹ ዲስኩ ላይ አሉ» ብሎ ሳያዩ መደምደሙ አላሳመነኝም። አፕዴት ፋይል አይሰርዝም የሚባለው አባባል በእ.ኤ.አ. 2018 ፈርሷል። ቁጥሩ 1809 የተባለው የዊንዶውስ 10 እትም ኦክቶበር 2 ቀን፣ በእኛ መስከረም 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ወጥቶ፣ የሰዎችን ሰነድና ፎቶ ማጥፋቱ ስለተሰማ በቀናት ውስጥ ሥርጭቱ ቆሟል፤ ተስተካክሎ የወጣው ኖቬምበር 13 ቀን ነው። ምክንያቱም ተገልጿል፦ ፒክቸርስንና ዶክመንትስን የመሳሰሉትን ፎልደሮች ወደ ሌላ ዲስክ ያዛወሩ፣ የቀድሞውን ፎልደር ግን ከነፋይሉ የተዉ ሰዎች ነበሩ፤ አፕዴቱ የቀድሞውን ትርፍ ነው ብሎ ከነውስጡ አነሣው። አምራቹ ጉዳቱ ከ10,000 ጭነቶች በአንዱ የደረሰ ነው ብሏል፤ ያ አንዱ መሆን ግን ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል።

ስለዚህ ጠያቂዋ ፎልደሩን ባዶ ካገኙት ተስፋ ከመቁረጣቸው በፊት የተሰረዘ ፋይል የሚመልሰውን ሬኩቫ የተባለ ፕሮግራም ይሞክሩ። ፕሮግራሙን ፍላሽ ላይ አድርገው ከዚያው ማስነሣት ይችላሉ።

ጠጋኝ፣ ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ የ2018ቱ እውነት ነው፤ ማሳሰብዎም ተገቢ ነው። ከሬኩቫ በፊት ግን የዲስኩ ዓይነት ይጠየቅ። በድሮው በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ላይ ፋይል መሰረዝ ከእድር መዝገብ ስም እንደመፋቅ ነው፤ ስሙ ስለተፋቀ ሰውየው ከቤቱ አይወጣም፤ ሌላ ሰው እስኪገባበት ድረስ ቤቱ ውስጥ ነው። እነሬኩቫ የሚሠሩት ያንን ቤት አንኳኩተው ነው። የሚሽከረከር አካል የሌለው፣ በቺፕ ላይ የሚጽፈው ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክ ግን ሌላ ጠባይ አለው፤ ዊንዶውስ «ይህ ቦታ ተለቋል» ብሎ ሲነግረው ለሚቀጥለው ጽሑፍ እንዲፈጥን ቦታውን አስቀድሞ ያጸዳዋል። ከጸዳ በኋላ የትኛውም ፕሮግራም የሚያነሣው ነገር አያገኝም። የ237 ጊጋባይቱ ቁጥር 256 ተብሎ የሚሸጠው የኤስኤስዲ ልክ ስለሆነ፣ የእኅታችን ላፕቶፕ የያዘው እሱን ነው ብዬ እገምታለሁ። መጀመሪያ መፈለግ ነው ያልሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ተማሪ፣ ከደሴ

ዋንድራይቭ የሚባለውን የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻም ይመልከቱ። በማሻገሩ ጊዜ ፎልደሮችዎን ላስቀምጥልዎ ሲል እሺ ብለው ከሆነ፣ ፒክቸርስ በስምዎ ፎልደር ውስጥ ሳይሆን ዋንድራይቭ በሚባለው ሥር ገብቶ ሊሆን ይችላል። በነፃ የሚሰጠው 5 ጊጋባይት ብቻ ስለሆነ ሁሉም ወደ ኢንተርኔቱ ላይወጣ ይችላል፤ ላፕቶፑ ላይ ግን ይኖራል።

ጠያቂ፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ

እግዜር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዩዘርስ ውስጥ ቴምፕ የሚለውን ፎልደር እንደተባለው አገኘሁት፤ ከጎኑም የእኔ ስም አለ። ፈቃድ የለሽም አለኝ፤ ቀጥል ብዬ ስጠብቅ አረንጓዴው መሥመር ቀስ እያለ ሄደና ተከፈተ። አባቴ ከነኮቱ፣ እናቴ ከነነጠላዋ ሁሉም በቦታቸው አሉ። ከጎረቤት በተዋስሁት ኤክስተርናል ላይ ኮፒ አድርጌ፣ የፎቶዎቹን ብዛት በሁለቱም በኩል ቆጥሬ አመሳከርሁ። በሦስተኛው ሪስታርት የቀድሞው ዴስክቶፕም ከነሐይቁ ተመለሰ።

የእኅቴ ሰርግ ግን የለም። በስሟ ፈለግሁ፣ በፍለጋ ሳጥኑ ኮከብ፣ ነጥብና ጄፒጂ ጽፌ ሁሉንም ፎቶ አስወጣሁ፣ ዊንዶውስ ዶት ኦልድን ከፈትሁ፣ ዋንድራይቭንም አየሁ፤ የትም የለም። በመጨረሻ ወንድሜን ስጠይቀው፣ ከስምንት ወር በፊት ቦታ ሲጠበው ያንን ፎልደር «ሌላ ቦታ ያለሽ መስሎኝ» ሰርዞት ኖሯል። አፕዴቱን ያለ ጥፋቱ ስወቅሰው ሰነበትሁ ማለት ነው። ላፕቶፑ እንዳሉት ኤስኤስዲ ነው። ፎቶዎቹ የተነሡበት የካሜራው ሚሞሪ ካርድ ግን በእጃችን አለ፤ ከዚያ በኋላ ካሜራው ውስጥ ፎርማት ተደርጎ ጥቂት ፎቶ ተነሥቶበታል። እሱ ላይ ተስፋ አለ?

ጠጋኝ፣ ከኮምቦልቻ

አለ፤ እንዲያውም ከላፕቶፑ ይልቅ እሱ ላይ ነው ያለው። ካሜራ ፎርማት ሲያደርግ ብዙውን ጊዜ ማውጫውን ብቻ አጥፍቶ ፎቶዎቹን በቦታቸው ይተዋቸዋል፤ የጠፉት አዲሶቹ ፎቶዎች ያረፉባቸው ናቸው። ካርዱን ወደ ካሜራው እንዳይመልሱት፤ የመቆለፊያ ምላስ ካለው ይቆልፉትና በካርድ ማንበቢያ ላፕቶፑ ላይ ይሰኩት። ፎቶሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ገጽታው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነጭ ጽሑፍ ስለሆነ ያስፈራል፣ ሥራው ግን የታመነ ነው። ማውጫውን አይጠይቅም፤ የጄፔግ ፎቶ ሁሉ ሲጀምር የሚይዘውን ቋሚ ምልክት እየፈለገ ከዚያ ተነሥቶ ፎቶውን ይለቅማል። የሚያወጣውን በኤክስተርናሉ ላይ እንጂ በካርዱ ላይ እንዳያስቀምጡ።

የፎቶዎቹ ስም አይመለስም፤ ሁሉም በቁጥር ተጠርተው ይመጣሉ። የተነሡበት ቀን ግን በውስጣቸው ስለሚኖር በቀን ይደርድሯቸው። ካሜራው የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን መሆኑን አይርሱ፤ ሰርጉ መቼ ነበር?

ጠያቂ፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ

የጥምቀት ማግሥት፣ ጥር 12 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ። በፈረንጁ ጃንዋሪ 20 ቀን 2019 ላይ ፈለግሁና 431 ፎቶ ወጣ፤ ሁሉም ሰርጉ ነው። ወደ ሠላሳ የሚሆኑት ግን ከግማሽ በታች ግራጫ ሆነው ነው የመጡት። በአንዱ ላይ ሙሽሮቹን ስትመርቅ የነበረችው አክስቴ ከአንገቷ በታች ብቻ ሳይሆን ጭራሽ አትታይም፤ ከዚያ ቀን ሌላ ፎቶ የላትም።

ጠጋኝ፣ ከኮምቦልቻ

ግራጫው አዲሶቹ ፎቶዎች የተጻፉበት ቦታ ነው፤ ያንን የሚመልስ የለም። ነገር ግን ካሜራ እያንዳንዱን ፎቶ ሲያነሣ መጀመሪያው ላይ የሙሉውን ፎቶ ትንሽ ግልባጭ ይሸጉጣል፤ በካሜራው መስኮት ላይ ፎቶዎቹን ስናገላብጥ የምናየው ዓይነት ማለት ነው። ፎቶሬክ ግልባጮቹን ለይቶ ያወጣቸዋል፤ ስማቸው በቲ ፊደል የሚጀምሩትን ይፈልጉ፤ ከዋናው ፎቶ ጋር ቁጥራቸው አንድ ነው። መጠናቸው ግን 160 በ120 ነጥብ ብቻ ስለሚሆን ለማሳተም አይበቁም።

ጠያቂ፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ

አገኘኋት። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጇን ወደ ሙሽሮቹ ዘርግታ ቆማለች።