የኋላ ጎማዬ ለሦስተኛ ጊዜ ተንፍሷል፤ ወንዝ ዳር ቆመናል፣ ምን ላድርግ?

መንገደኛ፦
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። በተራራ ብስክሌት የወንዝ ዳር መንገድ ይዘን ከጠዋት ጀምሮ እየነዳን ነው። ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው፣ ድንጋይ እንኳን የለውም፤ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። የኋላ ጎማዬ ግን ሦስት ጊዜ ተነፈሰ። መጀመሪያ የውስጡን ጎማ በመጠባበቂያው ቀየርኩት፤ ግማሽ ሰዓት ሳንሄድ እርሱም ተነፈሰ። ለጠፍኩት፤ ደግሞ ተነፈሰ። የቀሩኝ ሁለት ልጣፊዎች ብቻ ናቸው። መኪናችንን ያቆምንበት ቦታ 11 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ የአሥር ዓመት ልጄ አብራኝ አለች፤ ፀሐይዋም እያዘቀዘቀች ነው። ልጣፊው የማይረባ ይመስለኛል። በምን ባጣብቀው ይይዝልኛል?

ባለመንፊያ፦
ወንድሜ አይዞህ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የልጣፊው ሳይሆን የችኮላ ነው። በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ጎማ የሚያብረቀርቀው ገጽ እስኪደበዝዝ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው። ቀዳዳው አጠገብ ከፋብሪካ የመጣ ቀጭን ከፍ ያለ መስመር ካለ እርሱንም ፈግፍገህ አስተካክለው፤ አለበለዚያ አየሩ በዚያ በኩል ይሾልካል። ማስቲሹን ከልጣፊው ሰፋ አድርገህ በስሱ ቀባና አትንካው። እርጥብ ሳለ ያብረቀርቃል፣ ሲደርቅ ይደበዝዛል፤ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ከዚያ ለጥፍና ከመሐል ወደ ዳር በአውራ ጣትህ ተጫነው። እርጥብ ጎማ ላይ ግን ምንም አይይዝም።

ነጭ ኮርቻ፦
ልጄ፣ ይህ ችግር ከጎማው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ሮበርት ቶምሰን በአየር የሚሞላ ጎማ ፈጥሮ መብቱን ያስመዘገበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1845 ነው። ሥራው ተረስቶ ቆየና ጆን ደንሎፕ ለልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት ብሎ የሠራውን ጎማ በ1888 አስመዘገበ። ያን ጊዜ ጎማው ከቸርኬው ጋር ተጣብቆ ስለነበር ተበስቶ ለመጠገን ሰዓታት ይወስድ ነበር፤ ማጣበቂያው እስኪደርቅ ማደር የግድ የሆነበትም ጊዜ አለ። ሚሼሊን ወንድማማቾች የሚወልቀውን ጎማ ያመጡት በ1891 ነው። ዛሬ ደግሞ የውስጥ ጎማ ጨርሶ የማያስፈልገው ዓይነት አለ፤ ውስጡ የሚጨመረው ፈሳሽ ትንንሹን ቀዳዳ እየተጓዝክ ይደፍነዋል። በየጥቂት ወሩ ስለሚደርቅ መጨመር ያስፈልጋል እንጂ እንዲህ ካለው ጣጣ ይገላግላል። ወደዚያ ብትዞር ይሻልሃል።

መንገደኛ፦
አባቴ፣ ምክርዎ ለነገ ይጠቅመኛል። አሁን ግን በእጄ ያለው አንድ ትንሽ መንፊያ፣ ሁለት ልጣፊና ሁለት የጎማ መፈልቀቂያ ብቻ ነው።

ደለል፦
ሁላችሁም ስለ ማስቲሽ ታወራላችሁ፤ ዋናውን ግን ማንም አልጠየቀም። ቀዳዳው የት ላይ ነው? ምክንያቱን የሚነግርህ ቦታው ነው። መሬት በሚነካው ወገን አንድ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ካለ የወጋህ ነገር አለ፤ ያ ነገር እስካሁን የውጭው ጎማ ላይ ተሰክቶ ሊሆን ይችላል። ወደ ቸርኬው በዞረው ወገን ከሆነ ደግሞ የሽቦዎቹን ጫፍ የሚሸፍነው ጥብጣብ ተንሸራቷል። እባብ የነደፈው ይመስል ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካየህ አየሩ አንሶ ነው፤ ጎማው ቸርኬው ላይ ተቆንጥጧል። ሦስቱም መፍትሔያቸው የተለያየ ነው።

ሜዳ ስለሆነ እሾህ የለም ማለት እንዳይመስልህ። ወንዝ ዳር ያለ አሸዋማ መሬት ኩርንችት የሚወደው ነው። መሬት ለመሬት ተዘርግቶ ትንንሽ ቢጫ አበባ ያወጣል። ፍሬው ሲደርቅ ለአምስት ይከፈላል፤ ክፋዩ እንዴትም ቢወድቅ አንዱ ሹል ወደ ላይ ቀና ብሎ ይቀራል።

አሁን እንዲህ አድርግ። ቫልቩን መነሻ አድርገህ እስከ ቀዳዳው ድረስ በስንዝር ለካ። ያንኑ ርቀት በውጭው ጎማ ላይ ቁጠር። ስትፈታው ወደየት ዞሮ እንደነበር ካላስታወስክ ከቫልቩ በግራም በቀኝም ሁለቱንም ቦታ ፈትሽ። በባዶ ጣትህ አትዳብስ፤ ካልሲህን እጅህ ላይ አጥልቀህ ዳብስ። ክሩ ከተያዘ እሾሁ እዚያ አለ።

ፈጥኖ ደራሽ፦
ማስቲሹ ሳይደርቅ ለጥፈህ ነው። አምስት ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ ለጥፍ። ይኸው ነው።

ቀጭን ጎማ፦
እኔ ደግሞ ጥያቄውን ከሥሩ አልቀበለውም። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ የተራራ ብስክሌት ምን ያደርጋል? ያ ወፍራም ጥርሳም ጎማ ከመንገዱ ስፋት የእሾህ ድርሻውን ይለቅማል፤ በትንሽ አየር ስለሚነዳም ያዘገይሃል። ቀለል ያለ የከተማ ብስክሌት ብትይዝ ኖሮ ይህን ጊዜ ቤትህ ነበርክ።

ደለል፦
አልስማማም። የወንዝ ዳር መንገድ ሜዳ ቢሆንም አስፋልት አይደለም። ደለሉ ሲደርቅ ይፈርሳል፣ ሲርስ ያሰምጣል፤ ቀጭን ጎማ አሸዋው ውስጥ ሲገባ መሪው ከእጅ ይወጣል። ሰፊው ጎማ በ2 ባር (ባር የአየር ግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ተነፍቶ በላዩ ይንሳፈፋል። ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ይህ ብስክሌት ትክክለኛ ምርጫ ነው። ክርክሩን ሌላ ቀን እናድርገው፤ ሰውየው መንገድ ላይ ነው።

የልጆች እናት፦
ወንድሜ፣ ቀዳዳውን በአረፋ ለማግኘት ብለህ ወንዙ ዳር እንዳትወርድ፤ ልጅቷም እንዳትከተልህ። ረግረጉ ከላይ የደረቀ ይመስልና እግር ይውጣል። ጎማውን ንፋና በከንፈርህ ወይም በጉንጭህ አጠገብ ቀስ እያደረግህ አሳልፈው፤ ቀዝቀዝ ያለ እስትንፋስ ይሰማሃል። ምራቅ ብትቀባውም አረፋው ይታያል። ጎማው እስኪሠራ ለልጅቷ ውኃ ስጣት፣ የሚሞቅ ልብስም ደርብላት።

መንገደኛ፦
እህቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀዳዳውን ያገኘችው ልጄ ናት፤ ጆሮዋን አስጠግታ «እዚህ ጋ ይተነፍሳል» አለችኝ። ልጣፊው ደህና ነው፤ አየሩ የሚወጣው ከልጣፊው አንድ ጣት ከማይሞላ ርቀት ላይ፣ መሬት በሚነካው ወገን ነው። የመጀመሪያውንም ጎማ ከቦርሳዬ አውጥቼ ለካሁት። ሦስቱም ቀዳዳዎች ከቫልቩ ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት አካባቢ ናቸው! ልጣፊውን ያለ በደሉ ወቅሼዋለሁ። ነገር ግን የውጭውን ጎማ በካልሲ ሁለት ጊዜ ዞርኩት፤ ምንም አልያዘም።

ደለል፦
አለ። ጫፉ ተሰብሮ ላስቲኩ ውስጥ ቀርቷል። ጎማው ባዶ ሲሆን ይደበቃል፤ ተነፍቶ ክብደትህ ሲያርፍበት ብቻ ብቅ ብሎ ይወጋል። ግማሽ ሰዓት እየቆየ የሚተነፍሰውም ለዚህ ነው። በለካህበት ቦታ ላይ የውጭውን ጎማ ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጠህ አጥፈው፤ ላስቲኩ ሲለጠጥ ጥቁር ወይም ቡናማ ነጥብ ታያለህ። ካልታየህ መሬት በሚነካው በኩል ጥርሶቹ መካከል ፈልግ። ወረንጦ ከሌለህ እሾህን በእሾህ ነው፤ መርፌ፣ መርፌ ቁልፍም ቢሆን ይሠራል። ከውስጥ ወደ ውጭ ግፋው።

ሳር ቤት፦
ጎማው ሦስት ጊዜ እረፍት ከጠየቀ ወንዙን ወዶታል ማለት ነው! ልጣፊው ቢያልቅ ግን ተስፋ አትቁረጥ። የውጭውን ጎማ በአንድ በኩል ክፈትና የውስጡን አውጥተህ ሳር ጠቅጥቅበት። እስኪጠነክር ድረስ፣ ይበቃል ካልከው በኋላም ጨምር፤ ሲነዱበት ይተኛልና። ጠቅጥቀህ በእግር ፍጥነት ብትነዳ ቸርኬህ ይተርፋል። እኔ በዚህ 7 ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ። በባዶ ጎማ ላይ ግን አትቀመጥ፤ ቸርኬው ይጣመማል።

መንገደኛ፦
አገኘሁት! ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጥ፣ የገለባ ቀለም ያለው ሹል ነገር ነው። በልጄ የፀጉር መያዣ ገፍቼ አወጣሁት። ማስቲሹን ቀብቻለሁ፤ አምስት ደቂቃውን እርሷ እየቆጠረች ነው።

ደለል፦
በጣም ጥሩ። ስትነፋው በአውራ ጣትህ ተጫነው፤ ትንሽ ብቻ ይግባ። ከመነሳታችሁ በፊት የፊተኛውንና የልጅቷንም ጎማዎች ተመልከት፤ አንድ ኩርንችት ባለበት ብዙ አለ። ተሰክቶ ያየኸውን መንቀል ያለብህ ግን ልጣፊ በእጅህ ካለ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ እሾህ ራሱ ቀዳዳውን ደፍኖ ይይዛል።

ነጭ ኮርቻ፦
መንገደኛ፣ ከመሸ ልጠይቅህ ብዬ ነው። ደረሳችሁ?

አዲስ ገቢ፦
ይህን ውይይት ፈልጌ አገኘሁት። እኔም ጎማዬ ተደጋግሞ ይተነፍሳል፤ የእኔ ቀዳዳ ግን ቫልቩ ሥር ነው። ልለጥፈው?

ባለመንፊያ፦
አይ፣ እዚያ ልጣፊ አይቀመጥም፤ የውስጡን ጎማ ቀይረው። ቫልቩ ቸርኬው ላይ አጋድሎ ከቆመ የውስጡ ጎማ እየተንሸራተተ ይስበዋል፤ አየሩ አንሶ ስትነዳ የሚሆን ነው። አዲሱን ስታስገባ ቫልቩ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አድርግና አየሩን በየጊዜው ተከታተል።