ከስምንት ወር በፊት ያወጣሁትን ግራፍ ኮዴ መልሶ አላወጣ አለኝ

የጣና ዳር ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ በዓባይ ተፋሰስ የዝናብ መረጃ ላይ ነው የምሠራው። አማካሪዬ ትናንት "ሦስተኛዋን ግራፍ የ2014ን ዳታ ጨምረህ አምጣት" አሉኝ። የአንድ ሰዓት ሥራ መስሎኝ ነበር። ኮዱን ሳስኬደው ግን የድሮው ክፍል እንኳ ቲሲሱ ላይ ካለው ጋር አይገናኝም። ኮዱ አራት ቦታ አለ፤ ላፕቶፔ ላይ፣ ፍላሽ ላይ፣ ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ውስጥ ደግሞ ሁለት። ግራፉን የቱ እንዳወጣው እኔም አላውቅም። በመሀል ላፕቶፑን ፎርማት አስደርጌዋለሁ። ኮዱ የተጻፈበትን ቋንቋ፣ ፓይተንን፣ ከዩቲዩብ ነው የለቃቀምኩት። ዲፌንስ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ከየት ልጀምር?

የገበሬ ልጅ፦
አይዞህ ወንድሜ፣ እኔም ፒኤችዲ ላይ ሆኜ ደርሶብኛል። መጀመሪያ አራቱንም ኮፒ አንድ ፎልደር ውስጥ ሰብስብና ጊት አስጀምር፤ የፋይሎችህን ለውጥ እየመዘገበ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ነው። ጊት ኢንተርኔት የሚፈልግ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይፈልግም። ኔትወርክ ጠፍቶም ኮሚት ታደርጋለህ፣ ማለትም የደረስክበትን ትመዘግባለህ፤ ታሪኩ እዚያው ማሽንህ ላይ ይቀመጣል።

አሁን የኔን ጉድ ስማ። ከአንድ የገበሬዎች ማሰልጠኛ በእጅ የተመዘገበ የዝናብ ዳታ ነበረኝ። የ2013 ዓ.ም.፣ በእኛው አቆጣጠር፣ ቀን/ወር/ዓመት ተብሎ የተጻፈ፣ 365 ረድፍ። ፓንዳስን፣ የፓይተንን የሠንጠረዥ መሣሪያ፣ ወደ ቀን ቀይርልኝ አልኩት፤ ያልገባህን ባዶ አድርገህ እለፈው አልኩት፤ ባዶውንም ጣልኩ። አንድም ስህተት አላለኝም።

በኋላ ግራፉን ሳየው ታኅሣሥ 13 ላይ 18 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቆሟል። በውቂያ ሰሞን! አባቴ ቢያይ ይስቅብኝ ነበር። ለካ ፓንዳስ 13ኛ ወር የሚባል አያውቅም። 4/13/2013ን፣ ማለትም ጳጉሜ 4ን፣ ገልብጦ የ4ኛው ወር 13ኛ ቀን አድርጎታል። አምስቱም የጳጉሜ ቀኖች እንዲሁ ከመስከረም እስከ ጥር ተበትነዋል። ጥቅምት 29 እና 30 ደግሞ ጭራሽ የሉም። 2ኛ ወር ስለሆነ ጥቅምትን ፌብሩዋሪ አድርጎ ነው ያነበበው፤ ፈረንጆቹ በ2013 ፌብሩዋሪያቸው 28 ቀን ነበራ! 363 ረድፍ ቀረኝ።

የሚብሰው ሌላ ነው። ያንኑ ኮድ በአዲሱ ፓንዳስ፣ ከ2.0 ወዲህ ባለው፣ ሳስኬደው 358 ሆነ። አዲሱ የመጀመሪያውን ቀን አይቶ ቅርጹን ይወስንና ሌላውን ሁሉ በዚያው ይለካል። ስለዚህ ጳጉሜን አይገለብጣትም፤ ይጥላታል። አንተም ላፕቶፕህን ፎርማት ካስደረግህ የጫንከው አዲሱን ሊሆን ይችላል። ከኮዱ ጎን የእያንዳንዱን ላይብረሪ (እንደ ፓንዳስ ያለውን መሣሪያ ሁሉ) የቨርዥን ቁጥር የምትጽፍበት ፋይል ይኑርህ የሚሉት ለዚህ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አልተውም። ኦሪጅናሉን ዳታ የሚነበብ ብቻ አድርጌ እቆልፈዋለሁ፤ ኤክሴል ከፍቶ ሴቭ እንዳያደርግብኝ። ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ ደግሞ "ረድፉ 365 ካልሆነ ቁም" የሚል አንድ መስመር አስገባለሁ። አሰርት በሚባለው የፓይተን ትእዛዝ ይጻፋል፤ አሥር ሴኮንድ አይፈጅም። ኖትቡኩንም (ኮዱን በቁርጥራጭ የማስኬድበትን ፋይል) ለሰው ከማሳየቴ በፊት ሪስታርት አድርጌ ከላይ እስከ ታች አስኬደዋለሁ።

ቆፍጣናው፦
ሁሉም ልክ ነው፤ ግን ልጁ ያለው ስድስት ሳምንት ነው። ዶከር (ኮዱን ከነሙሉ አካባቢው የሚያሽግ መሣሪያ) ምናምን የሚልህን አትስማ። ግራፎቹን የሚያወጣውን ስክሪፕት ብቻ አስተካክል፤ ሌላው ከዲፌንስ በኋላ ይደርሳል። ለአማካሪህም ዛሬውኑ ንገራቸው፤ ሰውዬው ከፈታኙ አፍ ከሚሰሙት ካንተ ቢሰሙ ይሻላል። ደግሞ አትፈር። ራይንሃርትና ሮጎፍ የሚባሉት የሃርቫርድ ኢኮኖሚስቶች ስለ አገር ዕዳ የጻፉት ጥናት ኤክሴሉ ውስጥ አምስት አገር ዘሎ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. ያገኘባቸው ቶማስ ሄርንደን የሚባል ተማሪ ነው፤ ለኮርስ ሥራ ውጤታቸውን መልሶ ሊያወጣ ሲሞክር።

የጣና ዳር ልጅ፦
ቆጠርኩ። የ2013ቱ 358 ነው! ጳጉሜ የለችም፣ ጥቅምት 29 እና 30ም የሉም። ፍላሹ ላይ ካለው ኮድ ጋር ድሮ ያስቀመጥኩት ሲኤስቪ፣ የሠንጠረዥ ፋይል፣ አለ፤ እሱ 363 ነው። ቲሲሱ ላይ ያለው ግራፍ ከእሱ የወጣ ነው ማለት ነው፤ እሱም ስህተት። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት አማካሪዬ ጋ እገባለሁ። ጊት ላይ የመጀመሪያውን ኮሚትም አድርጌያለሁ፤ መልእክቱ "ጳጉሜን መለስኳት" ይላል።