የአርቪ ቦይለር፦ ሙቅ ውሃው ይገማል፣ በመብራት አይሞቅም፣ ቫልቩ ያንጠባጥባል

የሩቅ መንገድ፦

ሰላም ወገኖች። ያገለገለ አርቪ (መኖሪያ ያለው የጉዞ መኪና) ነው። ቦይለሩ 6 ጋሎን (23 ሊትር ገደማ) ይይዛል፣ በጋዝም በመብራትም ይሠራል። ሦስት ነገር አስቸግሯል።

ሙቅ ውሃው የገማ እንቁላል ይሸታል፤ ቀዝቃዛው ምንም አይልም። በጋዝ ደህና ይሞቃል፣ በመብራት ግን ሁለት ሰዓት ቢበራም ውሃው እንደቀዘቀዘ ነው፣ ብሬከሩም አልወረደም። የውጭው ክዳን ሲከፈት ከላይ በኩል የሚታየው የናስ ቫልቭ ደግሞ ውሃው ሲሞቅ ብቻ ጠብ ጠብ ይላል፣ ሲቀዘቅዝ ያቆማል።

«የአኖድ ዘንግ ቀይርበት» ስለተባልኩ ላዝ ነው። ልግዛ? ቫልቩስ ይቀየር?

ቡሶላ 27፦

ዘንግ (ታንከሩ እንዳይዝግ በእሱ ፈንታ የሚበላው ብረት) ከመግዛትህ በፊት ታንከሩ ከምን እንደተሠራ እወቅ። የውጭውን ክዳን ክፈትና ታች መሐል ያለውን የማፍሰሻ ብሎን ተመልከት። ብሎኑ ትልቅ ብረት ከሆነና በ1 ከ1/16 ኢንች ቡሶላ የሚፈታ ከሆነ (27 ሚሊ ሜትሩም ልክ ይገባል) ታንከሩ ውስጡ በሸክላ መሰል ሽፋን የተለበጠ ብረት ነው። ሰበርባን የሚሠራው በዚህ ዓይነት ነው፤ አኖዱ ከብሎኑ ጋር አንድ ላይ ተያይዞ ይወጣል። ብሎኑ ነጭ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ታንከሩ አሉሚኒየም ነው፤ አትውድ፣ ኋላ ላይ ዶሜቲክ የተባለው፣ እንደዚህ ነው። አሉሚኒየሙ አኖድ አይፈልግም፣ አይገባበትምም። ፕላስቲኩን በናስ ወይም በብረት ብሎን «ላጠንክረው» አትበል፤ ሁለቱ ማዕድኖች እርጥበት ላይ ሲገናኙ የአሉሚኒየሙን ክር ይበላዋል።

ብረቱ ከሆነ፣ አኖዱ ሊቀየር የሚገባው ሦስት አራተኛው ሲያልቅ ነው። ተቦርቡሮና ተጎርዶ መውጣቱ ጉድለት አይደለም፤ ታንከሩ እንዳይዝግ እሱ ይበላል። የሚያስፈራው ሁለት ዓመት ተቀምጦ እንደ አዲስ የወጣ አኖድ ነው፤ ከታንከሩ ጋር አልተገናኘም ማለት ነው።

አወጣጡ እንዲህ ነው። ጋዙንም መብራቱንም አጥፋና ውሃው እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ፣ ቢቻል ሌሊቱን ሙሉ። የውሃ ፓምፑን አጥፋ፣ ከካምፑ የሚመጣውን ቱቦ ንቀል፣ ቤት ውስጥ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ክፈትና ግፊቱን አስወጣ። ብሎኑን የምትነካው ከዚያ በኋላ ነው። ግፊት እያለ የተፈታ ብሎን ከነዘንጉ ፊት ላይ ይተኮሳል፣ የሞቀ ከሆነ ደግሞ ፊት ይቀቅላል። ፊት ለፊቱ አትቁም፣ ጎኑ ሁን።

አሮጌው ከጠበቀብህ ረጅም እጀታ ተጠቀም፤ በመዶሻ አትምታው። ሲወጣ የታንከሩን ወለል በቱቦ ጫፍ በሚገጠም ቀጭን የውሃ መርጫ እጠበው፣ ነጭ ጠጠርና የአኖድ ፍርፋሪ ይወጣል። ንጹሕ ውሃ እስኪፈስ አታቁም።

የዳላስ ልጅ፦

ቡሶላ ያልከው ልክ ነው፤ ቴፍሎን ቴፕ ግን አኖዱ ላይ አይጠመጠምም፣ ከታንከሩ ይነጥለዋል ይባላል። አንተ ምን ትላለህ?

ቫልቩን በተመለከተ፣ የሚያንጠባጥበውን አፍ በቡሽ መድፈን አይቻልም?

እሳትና ውሃ፦

አይደፈንም! ወንድሜ ይህን ምክር ማንም እንዳይከተለው። ያ ቫልቭ ግፊቱ 150 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ወይም ሙቀቱ 210 ፋራናይት (99 ሴልሺየስ) ሲደርስ ከፍቶ የሚያስተነፍስ ነው። ቴርሞስታቱ (ሙቀት ተቆጣጣሪው) ቢያብድና አፉ የተደፈነ ቢሆን 23 ሊትር ከመፍያው በላይ የጋለ ውሃ ተዘግቶ ይቀመጣል። ታንከሩ ሲቀደድ ያ ውሃ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። ያ ደግሞ ፍንዳታ ነው።

የጠያቂው ቫልቭ ግን አልተበላሸም ይሆናል። ሲሞቅ ብቻ ማንጠባጠቡ ነው ምልክቱ። ውሃ ከ10 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ከ1.6 በመቶ በላይ ያብጣል፤ በ23 ሊትር ላይ 0.4 ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። ቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ወደ ኋላ የማያስመልስ ቫልቭ ስላለ ያበጠው ወደ ቱቦው አይመለስም። የሚሸከመው ታንከሩ አናት ላይ የቀረችው አየር ናት። አየሯ ቀስ በቀስ በውሃው ውስጥ ሟሙታ ስታልቅ ማበጫ ቦታ ይጠፋል፣ ግፊቱም በቫልቩ በኩል ይተነፍሳል።

አየሩን መመለስ ቀላል ነው። ቦይለሩን አጥፋና አቀዝቅዝ። ቀዝቃዛ ውሃውን ዝጋ፣ ቤት ውስጥ አንድ የሙቅ ቧንቧ ክፈት። የቫልቩን እጀታ ቀጥ እስኪል ሳብና ውሃው ራሱ እስኪያቆም ያዝ፤ ከዚያ እጀታውን ለቀቅ አድርገህ ጣ ብሎ ይመለስ። ቧንቧውን ዝጋ፣ ውሃውን ክፈት፣ ቦይለሩን አብራ።

ይህን አድርገህም ካንጠባጠበ የቫልቩ መቀመጫ ላይ ቅርፊት ተይዞ ይሆናል። ውሃው ቀዝቅዞ፣ ግፊት እያለ እጀታውን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ ብታደርገው ሊጠራ ይችላል። ካልጠራ ቀይረው፤ የሚተካው ላይም 150 እና 210 የሚሉት ቁጥሮች መጻፋቸውን ተመልከት። የካምፑ ውሃ ግፊት ከፍ ያለ ከሆነም መቀነሻ ግጠም፣ ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ ይበቃል።

ቡሶላ 27፦

ስለ ቴፑ፦ ሁለት ሦስት ዙር ብታደርግ ክሩ ሲጠብቅ ቴፑን ቀድዶ ብረት ከብረት ይነካካል። ቴፕ አልባ ካደረግከው ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ዝገቱ ያጣብቀዋል። ጥርጣሬውን በቴስተር ማጥፋት ይቻላል፤ አንዱን ጫፍ የአኖዱ ራስ ላይ፣ ሌላውን የታንከሩ ባዶ ብረት ላይ አድርግ። ኦሙ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ተገናኝቷል። አሥር ዙር የሚጠመጥመው ሰው ነው የሚሳሳተው።

የቡና ሲኒ፦

ሽታውን እኔ ልያዘው። ሙቁ ብቻ ከሸተተ የውሃው ምንጭ ንጹሕ ነው፤ ጣጣው ታንከሩ ውስጥ ነው። በውሃ ውስጥ ያለውን ሰልፌት የሚበሉ ባክቴሪያዎች ለብ ባለና ብዙ ጊዜ ባልተንቀሳቀሰ ውሃ ይራባሉ፣ የማግኒዚየም አኖድ ደግሞ ሃይድሮጅን እየለቀቀ ያግዛቸዋል፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል። ስለዚህ አኖድ መቀየር ብቻውን ሽታውን አያጠፋም፤ አዲስ ማግኒዚየም እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል። ውሃው ሰልፌት የበዛበት አካባቢ የአሉሚኒየምና ዚንክ ቅልቅል አኖድ ይሻላል።

የሚገድላቸው በረኪና ነው። ለ15 ጋሎን ውሃ ሩብ ኩባያ (60 ሚሊ ሊትር) ሽታ የሌለው በረኪና በባልዲ ውሃ በጥብጣችሁ ንጹሕ ውሃው ታንከር ውስጥ ጨምሩ፣ በውሃ ሙሉት። ቦይለሩ ጠፍቶ፣ ቫልቮቹ ውሃው በቦይለሩ እንዲያልፍ ሆነው፣ በፓምፕ እያንዳንዱን ቧንቧ የበረኪና ሽታ እስኪያወጣ ክፈቱ፤ የውጩን ሻወር አትርሱ። አራት ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ ሁሉንም አፍስሳችሁ በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ አጥቡ። ብዙዎች የሚሳሳቱት የንጹሕ ውሃውን ታንከር አክመው ቦይለሩን ማለፊያው ላይ (ውሃው ቦይለሩን ትቶ እንዲያልፍ) ስለሚተዉት ነው፤ ያኔ በረኪናው አይደርስበትም።

ነጩን ቅርፊት ለማሟሟት አቼቶ ደህና ነው፤ አቼቶና በረኪና ግን በአንድ ቀን አትጠቀሙ። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ አርቪ ደግሞ ጠባብ ቤት ነው። በመካከላቸው ታንከሩ ሙሉ በሙሉ ይፍሰስና ይታጠብ።

እሳትና ውሃ፦

እህቴ በትክክል አስረዳሽው። የቀረው መብራቱ ነው። ብሬከሩ ሳይወርድ ካልሞቀ መጀመሪያ ማብሪያዎቹን ቁጠር። ሰበርባን ከሆነ ከቤት ውስጡ ሌላ ከውጭ ክዳኑ ሥር፣ በግራ ታች ጥግ፣ ትንሽ ጥቁር ማብሪያ አለ፤ ሁለቱም ካልበሩ አይሠራም። ቀጥሎ ክዳኑ ሥር ጎማ የለበሱትን የሙቀት መከላከያ አዝራሮች ተጫን።

ካልሆነ ውሃውን በመብራት የሚያሞቀው ሬዚስታንስ ተቃጥሎ ይሆናል። የተለመደው ምክንያት ታንከሩ ሳይሞላ መብራቱን ማብራት ነው። ሬዚስታንስ ውሃ ከሌለበት በሰከንዶች ይቃጠላል፣ ብሬከርም አይወርድለትም። ጋዙ ግን ከዚያ በኋላም ደህና ይሠራል፤ ያንተም ምልክት ይኸው ነው።

መለካት፦ ብሬከሩን አውርድ፣ ኃይል አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጥ፣ ከሬዚስታንሱ ሁለቱን ሽቦዎች አላቅ። የ1440 ዋት፣ የ120 ቮልት ሬዚስታንስ 10 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። ምንም ካላሳየ ተበጥሷል። ከሬዚስታንሱ አንዱ የሽቦ ብሎን ወደ ታንከሩ ብረት ሲለካ ማንኛውም ቁጥር ካሳየ ደግሞ ልባሱ ተሰንጥቋል፣ ኃይል ወደ ብረቱ እየፈሰሰ ነውና አታብራው።

የሩቅ መንገድ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ብሎኑ ብረት ነው፣ አኖዱ ከግማሽ በላይ ተበልቷል፣ ሦስት አራተኛ ግን አልደረሰም። ቫልቩ አየሩን ከመለስኩ ወዲህ ቆሟል። ውጭ ያለው ማብሪያ በርቷል፣ አዝራሮቹንም ተጭኛለሁ፤ ቴስተሩ ሬዚስታንሱ ላይ ምንም አያሳይም። 2000 ዋት ልግጠምበት? ቶሎ እንዲሞቅ።

እሳትና ውሃ፦

2000 ዋት በ120 ቮልት 17 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ሽቦውም ብሬከሩም ለ12 አምፔር ጭነት የተዘጋጀ ነው። 1440 ወይም ከዚያ ያነሰ ብቻ። እሱም ከ15 ወደ 55 ዲግሪ ለማድረስ 45 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል፤ ከቸኮልክ ጋዙንም አብረህ አብራ፣ ሁለቱ አብረው መሥራት ይችላሉ።

ታንከሩን አፍስስ፣ አሮጌውን በ1 ከ1/2 ኢንች ቁልፍ ፍታ። የድሮው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ ጎማ) ተጣብቆ ይቀራልና ጠርገህ አዲሱን አግባ። ሽቦውን ከመመለስህ በፊት ሞልተህ ፍሳሽ መኖሩን አረጋግጥ። መብራቱን የምታበራው የሙቅ ቧንቧው ሳይቆራረጥና ሳይተፋ ቀጥ ብሎ ሲፈስ ብቻ ነው፤ አየር ከተፋ ገና አልሞላም።

የዳላስ ልጅ፦

ቡሹን ሰርዣለሁ፣ አመሰግናለሁ። ጋዙ ሲለኮስ ነበልባሉ ቢጫ ከሆነስ?

ቡሶላ 27፦

ሰማያዊ መሆን አለበት፤ ቢጫ ከሆነና ጥላሸት ካስቀመጠ አየር አንሶታል። ሸረሪትና ተርብ የጋዙ ሽታ እየሳባቸው የማቃጠያው ቱቦ ውስጥ ቤት ይሠራሉ። ጋዙን ዝጋ፣ ቱቦውን በጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ጥረግ። የጋዝ ቀዳዳውን በሽቦ ወይም በመርፌ አትነካካ፤ በፀጉር ያህል ከሰፋ ልኩ ጠፋ። የእሳት ብልጭታ ሰጪው ጫፍ ከማቃጠያው 1/8 ኢንች (3 ሚሊ ሜትር) ይራቅ። ካልለኮሰ መጀመሪያ ምድጃህን ለኩስ፤ ቱቦው ውስጥ የገባ አየር የሚወጣው በዚያ ነው። ባትሪውንም ለካ፣ 12 ቮልቱ ከወደቀ የጋዙ ቫልቭ አይከፍትም።