ላኪም ተቀባይም ኢንዴክስ አላቸው፤ «ኦር» ሲገባ ግን ኩዌሪው ይንቀራፈፋል

ወንዴ_ዴቭ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ፖስትግሬስ 16 (የዳታቤዝ ሶፍትዌር) ላይ «ዝውውር» የሚባል ቴብል አለ፤ 38 ሚሊዮን ረድፍ አካባቢ ነው። ኮለሞቹ መለያ፣ ላኪ፣ ተቀባይ፣ ማጣቀሻ፣ መጠን እና ጊዜ ናቸው። ከመጠን በቀር ሁሉም ለየብቻቸው ቢ-ትሪ ኢንዴክስ (ረድፍን ቶሎ ለማግኘት የሚያገለግል የተደረደረ ማውጫ) አላቸው። የደንበኛውን የመጨረሻ 20 ዝውውሮች የሚያመጣው ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) እንዲህ ነው፦

ላኪ = 4471 ኦር ተቀባይ = 4471፣ በጊዜ ከአዲስ ወደ አሮጌ ተደርድሮ፣ ሊሚት 20 (20 ረድፍ ብቻ)

ለአንዳንዱ ደንበኛ ወዲያው ይመጣል፣ ለአንዳንዱ 9 ሰከንድ ይፈጃል። ኤክስፕሌይን አናላይዝ (ኩዌሪው በምን መንገድ እንደተፈጸመ የሚያሳየው ትእዛዝ) ሲታይ ፈጣኑ ላይ «ቢትማፕ ኦር» አለ። ዘገምተኛው ላይ ግን የጊዜን ኢንዴክስ ከኋላ ጀምሮ ይቃኛል፤ በፊልተር የተጣሉት ረድፎች በሚሊዮን ይቆጠራሉ። ስታቲስቲክሱ ታድሷል፣ ለውጥ የለም።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ የፍለጋ ገጹ ዝውውርን ከ«ደንበኛ» ቴብል ጋር በላኪ ጆይን አድርጎ (አጋጥሞ) «ዝውውር.ማጣቀሻ = … ኦር ደንበኛ.ስልክ = …» ይላል። ስልክም ኢንዴክስ አለው። ይሄኛው ግን ሁልጊዜ ዝውውርን ከዳር እስከ ዳር ያነባል። ለምን?

ጥቁር_ስክሪን፦

የመጀመሪያውን ልመልስ። አንድ ቢ-ትሪ ላኪን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ስለ ተቀባይ ምንም ሊነግርህ አይችልም። ስለዚህ ፕላነሩ (የአፈጻጸሙን መንገድ የሚመርጠው የዳታቤዙ ክፍል) ሁለቱን ኢንዴክሶች ለየብቻ ይቃኝና ከእያንዳንዳቸው የረድፍ አድራሻዎችን ቢትማፕ (የገጠሙት ረድፎች ምልክት የሚደረግበት ካርታ) ይሠራል፤ ሁለቱን ቢትማፖች በኦር ያዋህዳል፤ ከዚያ ወደ ቴብሉ ሄዶ ገጾቹን በቁጥር ቅደም ተከተላቸው ያነባል። በሁለቱም ወገን የተገኘ ረድፍ በቢትማፑ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ስላለው ድግግሞሽ የለም። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ዋጋው ግን ቅደም ተከተሉ መጥፋቱ ነው። ረድፎቹ የሚመጡት በገጽ ቁጥር እንጂ በጊዜ ስላልሆነ ሊሚት 20 ምንም አያቀልለትም፤ ሁሉንም ሰብስቦ መደርደር አለበት።

ስለዚህ ፕላነሩ ሌላውን መንገድ ያሰላል፦ የጊዜን ኢንዴክስ ከአዲሱ ጀምሬ ልውረድ፣ 20 ሲሞላልኝ ላቁም። ለዚህ ደንበኛ 50,000 ረድፍ አለ ብሎ ከገመተ፣ 38 ሚሊዮን ለ50,000 ሲካፈል ከየ760ው አንዱ የእሱ ነው ማለት ነው። 20 ለማግኘት 15,200 ረድፍ ያህል ማየት ይበቃኛል ይላል፤ ርካሽ ነው። ስሌቱ የሚበላሸው ረድፎቹ በጊዜው ላይ እኩል ተበትነዋል ብሎ ስለሚያስብ ነው። ደንበኛው ከሁለት ዓመት በፊት መጠቀም ካቆመ፣ አዳዲሶቹን ሚሊዮኖች ሁሉ አንብቦ ጥሎ ነው የመጀመሪያውን የሚያገኘው። ስታቲስቲክስ የሚያድሰውን አናላይዝ ደጋግመህ ብታስኬድ ይህን አያስተካክልም፤ ስታቲስቲክሱ «ላኪ 4471 መቼ ነበር ንቁ» የሚለውን አይዝም።

መድኃኒቱ፦ ሁለት ጥምር ኢንዴክስ፣ (ላኪ፣ ጊዜ) እና (ተቀባይ፣ ጊዜ)። ከዚያ ኩዌሪውን ለሁለት ክፈለው፦

(ላኪ = 4471፣ በጊዜ ወደ ታች፣ ሊሚት 20)
ዩኒየን ኦል
(ተቀባይ = 4471፣ በጊዜ ወደ ታች፣ ሊሚት 20)
ከውጭ እንደገና በጊዜ ወደ ታች፣ ሊሚት 20

ዩኒየን ኦል የሁለቱን ውጤት ድግግሞሹን ሳያወጣ ያያይዛል። ቅንፎቹ ግድ ናቸው፤ ያለነሱ የመጀመሪያው ክፍል ላይ ሲንታክስ ኤረር ይሰጥሃል። እያንዳንዱ ወገን ኢንዴክሱ ውስጥ በቀጥታ የደንበኛው ጫፍ ላይ አርፎ 20 ያነሳል። ቢበዛ 40 ረድፍ ነው የሚነካው፤ ደንበኛው ትናንት ይዘዋወር ዓምና ልዩነት የለውም።

ሁለት ነገር ልብ በል። ሰው ከራሱ ወደ ራሱ ካስተላለፈ ያ ረድፍ ሁለት ጊዜ ይመጣል። ሁለተኛው ክፍል ላይ «ላኪ ከ4471 የተለየ» የሚል ጨምር፤ ግን በተለመደው የ«እኩል አይደለም» ምልክት አይሁን። የጥሬ ገንዘብ ገቢ ሆኖ ላኪው ነል (እሴት የሌለው ባዶ) ከሆነ ንጽጽሩ ራሱ ነል ይሆንና ረድፉ ድምፁን ሳያሰማ ይጠፋል። «ኢዝ ዲስቲንክት ፍሮም» ተጠቀም። ሌላው ገጽ ማገላበጥ ነው፦ ለሦስተኛው ገጽ የውስጦቹ ሊሚት 20 ሳይሆን 60 መሆን አለበት፤ ኦፍሴቱ (የሚዘለሉት ረድፎች ብዛት) ያለው ከውጭ ብቻ ነው። ውስጥ ኦፍሴት ካስገባህ ውጤቱ ስህተት ነው፣ ኤረርም አይሰጥህም።

የኢንዴክስ_ወዳጅ፦

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ። ቢትማፕ ኦር የሚሠራው በአንድ ቴብል ውስጥ ብቻ ነው። ያንተ ኦር አንዱ እግሩ ዝውውር ላይ፣ ሌላው ደንበኛ ላይ ነው። አንድን የዝውውር ረድፍ ማጣቀሻው ስላልገጠመ ብቻ መጣል አይቻልም፤ የደንበኛው ስልክ ሊገጥም ይችላል። ያ የሚታወቀው ደግሞ ከጆይኑ በኋላ ነው። ስለዚህ ሁሉም ይነበባል፣ ሁሉም ይጋጠማል፣ ማጣሪያው መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ብዙ ሰው «ላኪ ኢን (ሴሌክት መለያ ፍሮም ደንበኛ …)» ብሎ ኦሩ ውስጥ ያስገባል። አይጠቅምም። በኦር ሥር ያለ ንዑስ ኩዌሪ ወደ ሰሚ-ጆይን (መግጠሙን ብቻ የሚያጣራ ጆይን) አይቀየርም፤ «ሃሽድ ሰብፕላን» ሆኖ ፊልተር ላይ ይቀመጥና ቴብሉ እንደገና ሙሉ ይነበባል። የሚሠራው ይህ ነው፦

ማጣቀሻ = … ኦር ላኪ = ኤኒ (አሬይ (ሴሌክት መለያ ፍሮም ደንበኛ ዌር ስልክ = …))

አሬይ ውስጥ ሲገባ ንዑስ ኩዌሪው አስቀድሞ አንዴ ይፈጸማል፤ ኤክስፕሌይን ላይ «ኢኒትፕላን» ብሎ ታየዋለህ። ውጤቱ ተራ እሴት ስለሆነ የላኪ ኢንዴክስ ይቀበለዋል። አሁን ሁለቱም እግሮች ዝውውር ላይ ናቸው፣ ቢትማፕ ኦርም ይመጣል። በ16 ላይ ፕላነሩ የአሬዩን ርዝመት ስለማያውቅ 10 አባል ብሎ ይገምታል፤ ለስልክ ፍለጋ ከበቂ በላይ ነው፣ ሺዎች የሚመልስ ንዑስ ኩዌሪ ከሆነ ግን ፕላኑን ያስተው ይሆናል።

ማታ_ፈረቃ፦

ማይኤስኪውኤል (ሌላ ዳታቤዝ) ላይ ለሆናችሁ፦ እዚያ በቢትማፕ ኦር ቦታ ያለው «ኢንዴክስ መርጅ» ነው። ኤክስፕሌይን ኤክስትራ ላይ «ዩኒየን» ወይም «ሶርት ዩኒየን» ይላል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የኢኖዲቢ (የማይኤስኪውኤል ማከማቻ ሞተር) ሁለተኛ ደረጃ ኢንዴክስ በውስጡ ፕራይመሪ ኪውን (የረድፉን ዋና መለያ) ይዞ ስለሚሄድ፣ የኢንዴክሱ ኮለሞች ሁሉ በእኩል ምልክት ከታሰሩ ውጤቱ በፕራይመሪ ኪ ተደርድሮ ይወጣል፤ ሁለቱን ዥረቶች ማዋሃድ ርካሽ ነው። ሬንጅ (ከዚህ እስከዚያ የሚል ሁኔታ) ከሆነ መጀመሪያ መደርደር አለበት፤ ሶርት ዩኒየን እሱ ነው። (ላኪ፣ ጊዜ) የሚለውን ጥምር ሠርታችሁ ነጠላውን ብትጥሉና ላኪን ብቻ ብታስሩ፣ ውስጡ በጊዜ ስለተደረደረ ተራው ዩኒየን ይቀርባችኋል። የጥቁር_ስክሪን ቅርጽ እዚያም ይሠራል፤ ውስጥ ያለውን ሊሚት ብቻ አትርሱ። ያለ ሊሚት የቅንፍ ውስጥ ኦርደር ባይ እንደሌለ ይቆጠራል።

ጥቁር_ስክሪን፦

ለሚቀጥለው አንባቢ፦ ከኦሩ እግሮች አንዱ ኢንዴክስ ከሌለው የሌሎቹ ኢንዴክስ በዚያ ኦር ከንቱ ነው። የተለመዱት ወንጀለኞች ኮለሙን በፈንክሽን መጠቅለል፣ ለምሳሌ ኢንዴክሱ ኢሜይል ላይ ሆኖ ሁኔታው ሎወር(ኢሜይል) ሲሆን፣ እና በፐርሰንት ምልክት የሚጀምር ላይክ (የጽሑፍ ቅንጣቢ ፍለጋ) ናቸው። ለመጀመሪያው የኤክስፕሬሽን ኢንዴክስ፣ ለሁለተኛው የትራይግራም ጂን ኢንዴክስ (ጽሑፉን በሦስት በሦስት ፊደል ቆራርጦ የሚይዝ) ይሠራል፤ ቢትማፕ ኦር ጂንንና ቢ-ትሪን ያቀላቅላል። በአንድ ኮለም ላይ ያለ ኦር ከሆነ ግን ዝም ብላችሁ ወደ ኢን ቀይሩት። ፖስትግሬስ 18 ይህንን ራሱ ይቀይራል።

ወንዴ_ዴቭ፦

ሁለቱም ሠርተዋል፣ እናመሰግናለን። የደንበኛ ገጹ ላይ ቡፈሩ (የሚነበቡት ገጾች ብዛት) በአሥሮች ነው የሚቆጠረው። የድሮዎቹን የላኪና የተቀባይ ነጠላ ኢንዴክሶች ልጣላቸው?

የኢንዴክስ_ወዳጅ፦

ጣላቸው፤ ጥምሮቹ በላኪና በተቀባይ ስለሚጀምሩ ሥራቸውን ይሸፍናሉ፣ ቢትማፕ ኦሩንም ጭምር። ጥምሮቹን ፕሮዳክሽን (ሰው በሚጠቀምበት ሲስተም) ላይ ስትሠራ «ኮንከረንትሊ» ጨምር፤ አለበለዚያ ግንባታው እስኪያልቅ ኢንሰርት ሁሉ ይቆማል። መሀል ላይ ከተቋረጠ «ኢንቫሊድ» የሆነ ኢንዴክስ ትቶ ይሄዳል፤ ኩዌሪ አይጠቀምበትም፣ ኢንሰርት ግን እየጻፈበት ይቀጥላል። ነጠላዎቹን ከመጣልህ በፊት ጥምሮቹ ቫሊድ መሆናቸውን አረጋግጥ።