ተሳታፊዎች ፎቶ እንዲያነሱ ማድረግ፦ ዳታው ፎቶው ነው ወይስ ወሬው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁም፣ ሳይኮሎጂ ማስተርስ ነኝ፣ ቲሲሴ የማይለቅ የጀርባ ህመም ይዘው ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። ኢንተርቪው ሳደርግ "ያመኛል፣ ይደክመኛል" ብለው ዝም ነው፣ ከዛ አያልፍም። ለአንድ ሳምንት በስልካቸው ፎቶ እያነሱ ይዘው ቢመጡስ ብዬ አድቫይዘሬን ሳማክረው ጌጥ ነው የሚሆንብሽ፣ እንዴት ልታናላይዢው ነው አለኝ፣ መልስ አጣሁ። የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ፣ ኤቲክሱንም ጭምር።

መልስ 1፦
እህቴ ሀሳብሽን እንዳትተዪው። አንትሮፖሎጂስቱ ጆን ኮሊየር ፎቶ ይዞ ኢንተርቪው ስለማድረግ የጻፈው በ1957 እ.ኤ.አ. ነው፣ ለአንቺ የሚቀርበው ደግሞ በ2003 የወጣው የራድሊ እና የቴይለር ስራ ነው፣ ሆስፒታል የተኙ ታካሚዎች ራሳቸው ዋርዱን ፎቶ አንስተው ከዛ በፎቶው ላይ ተጠየቁ። እኔም ሰርቼዋለሁ። አንዷ ተሳታፊ ያመጣችው ወለል ላይ የወደቀ ካልሲ ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። ምንድነው ይሄ ስላት ጎንበስ ማለት ስለማልችል ልጄ ከትምህርት ቤት እስኪመጣ እዛው ይውላል አለች፣ ከዛ ልጇ እንዳያዝንባት እንዴት እንደምትደብቀው፣ እንግዳ ሲመጣ በእግሯ ወደ አልጋው ስር እንደምትገፋው፣ ብቻ ብዙ አወራች። ካልሲውን ብቻዬን ባየው ምን እላለሁ? ስለዚህ ለአድቫይዘርሽ ዋናው ዳታ ትራንስክሪፕቱ (ኢንተርቪው በጽሁፍ ሲገለበጥ) ነው፣ ፎቶው ወሬውን ያመጣል፣ ኮድ ሳደርግ (ያሉትን በሀሳብ በሀሳብ ስለይ) ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ነው በይው። ፎቶውን ለብቻው አናላይዝ አደርጋለሁ ካልሽ ግን ሌላ ሜተድ ነው፣ ከአሁኑ ወስኚ።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ፣ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ፎቶው ውስጥ የሚገቡት ሌሎች ሰዎች ናቸው። ተሳታፊሽ ፈርሟል፣ ባለቤቱና ጎረቤቱ ግን አልፈረሙም። ፊት ማደብዘዝ ይቻላል፣ ግን አንዳንዴ የፎቶው ነገር ያለው ፊቱ ላይ ነው፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው እጅ፣ ጥላ፣ ዕቃ እንዲያነሱ ብትነግሪያቸው ይሻላል። ፈቃዱንም ለሁለት ክፈይው፣ ለጥናቱ መሳተፍ አንድ፣ ፎቶው ቲሲሱ ላይ እንዲወጣ ሌላ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ከኢንተርቪው በኋላ እያንዳንዱን ፎቶ እያሳየሽ ጠይቂ ምክንያቱም ሰው ምን እንደሚያነሳ ሳያውቅ የሰጠው ፈቃድ ሙሉ አይደለም። የስልክ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ ሊይዝ ስለሚችል እሱንም አጥፊው።

መልስ 3፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ፕሮፖዛልሽ ላይ ዝም ብለሽ "ፎቶቮይስ" ብለሽ እንዳትጽፊ። እሱ ካሮላይን ዋንግና ሜሪ አን በሪስ ቻይና ዩናን ውስጥ ከገጠር ሴቶች ጋር የጀመሩት ነው፣ ሰዎቹ በቡድን ሆነው በፎቷቸው ተወያይተው ችግራቸውን ውሳኔ ለሚሰጡ ሰዎች እስከማቅረብ ይሄዳል። አንቺ አንድ ለአንድ ኢንተርቪው ከሆነ ፎቶ ኤሊሲቴሽን (ፎቶ እያሳዩ ማስወራት) በይው፣ ዲፌንስ ላይ መጠየቁ አይቀርም።
ደግሞ ማንሳት ፈልገው ያላነሱትን ጠይቂ። ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ የሚገላበጥ ሰው ያኔ ስልክ አያነሳም፣ ያፈረበትንም አያነሳም፣ ትልቁ ነገር ግን እዛ ነው ያለው።

ጠያቂ፦
ተባረኩ ሁላችሁም! ያላነሳችሁት ምንድነው የሚለውን የኢንተርቪው ጥያቄዎቼ ውስጥ አስገባሁት፣ የፈቃድ ፎርሙንም ለሁለት ከፍዬ ነገ ለአድቫይዘሬ እልክለታለሁ።